ከመስመሩ በታች አንድ ጣት

ልጄ ሳህኗን ገፋ ስታደርግ መጀመሪያ የማየው ፊቷን አይደለም፤ ቁመቷን ነው።

ጸሎት አሥር ዓመቷ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ከሴት ልጆች ቡድን ጋር ኳስ ትጫወታለች። ሌሎቹ እናቶች ሜዳው ዳር ተቀምጠው ሲያወሩ እኔ ማን እንደወደቀች፣ ማን እያነከሰች እንደሆነ፣ ውሃ ያልጠጣችው የትኛዋ እንደሆነች እከታተላለሁ። ስልክ ሲጠራ ከማንሳቴ በፊት ለቅሶ ይታየኛል። ባለቤቴ «አንቺ እኮ ደመና ሳታዪ ጥላ የምትዘረጊ ሴት ነሽ» ይለኛል። ይሄ ጭንቀት አብሮኝ የተወለደ አይመስለኝም። የጀመረበትን ክረምት አውቀዋለሁ።

ዘጠና ሦስት ዓመተ ምሕረት ነበር፤ እኔ ስምንት ዓመቴ። ቤታችን እሪ በከንቱ፣ ቁልቁለቱ ላይ ነው። ሲዘንብ ከፒያሳ የሚወርደው ጎርፍ ደጃችንን አጥቦ ነው የሚያልፈው። አባታችን ከሞተ ሁለት ዓመት ሆኖታል። እማዬ ፒያሳ አንድ ኬክ ቤት ጓዳ ውስጥ ዕቃ ታጥባለች። ማታ ስትመጣ ጣቶቿ በውሃ ተጨማደው፣ በወረቀት የተጠቀለለ የኬክ ቁራጭ ይዛ ነው። ታላቅ ወንድሜ ቃለአብ አሥራ አንድ ዓመቱ ነበር፤ በሰፈራችን የልጆች ቡድን ውስጥ ሰባት ቁጥር ለባሽ። እኔ ካልሲውን አጥባለሁ፣ ሲጫወት ሹራቡን እይዛለሁ። ስለዚህ ራሴን የቡድኑ አባል አድርጌ ነበር የምቆጥረው።

አሠልጣኙ ጋሽ ደምመላሽ ነበር፤ ልብስ ሰፊ። ሱቁ ከእኛ ሦስት በር ወረድ ብሎ ነው። አንድ የስፌት መኪና፣ አንድ የከሰል ካውያ፣ ከአንገቱ ላይ የማይወርድ ሁለት ሜትር የሚረዝም ቢጫ ሜትር አለው። የተማሪ ሱሪ ሲሰፋ ከታች ሦስት ጣት ያህል ወደ ውስጥ አጥፎ ይተዋል፤ በዓመቱ እናትየው ትፈታዋለች። «ይሄ ልጅ ለከርሞ እዚህ ጋ ነው» ይልና መዳፉን ከልጁ ጭንቅላት በላይ አየር ላይ ዘርግቶ ያሳያል። በዓመቱ ልጁ እዚያው ጋ ይገኛል። የሰፈር ሰው አጥር ሲያጥር፣ ቆርቆሮ ሲያስቆርጥ እንኳን ለልኬት እሱን ነበር የሚጠራው። ደምመላሽ ለክቶ ተሳሳተ ሲባል ሰምቼ አላውቅም።

የክረምቱ የልጆች ውድድር በዕድሜ ሳይሆን በቁመት ነበር የሚካሄደው። ያኔ የልደት ወረቀት የነበረው ልጅ ጥቂት ነው። ሜዳው መግቢያ ላይ በር የመሰለ ብረት ይተከላል፤ ቁመቱ ሜትር ከአርባ። ተጫዋቹ ጫማውን አውልቆ ከሥሩ ያልፋል። አናቱ ብረቱን የነካ ይወጣል፤ ቡድኑም ሌላ ሰው መተካት አይፈቀድለትም፣ ጎድሎ ይጫወታል። ልጆቹ ሁሉ ፀጉራቸውን በምላጭ ይላጩ ነበር። ጉልበቱን አጠፍ አድርጎ ለማለፍ የሚሞክር አይጠፋም፤ ብረቱ ጋ የቆመው ሰውዬ ግን ከኋላ በቀጭን ዱላ ጉልበቱን ቸብ ያደርገዋል። ችግሩ ብረቱ የሚያውቀው ቁመት ብቻ መሆኑ ነው። አንዳንዱ ቡድን ጢሙን ተላጭቶ የመጣ አጭር ጎረምሳ ሲያሰልፍ ብረቱ ዝም ይላል።

ጋሽ ደምመላሽ ብረቱ ጋ እንዳያፍር በየእሁዱ ጠዋት ልጆቹን ሱቁ በር ላይ ይለካቸዋል። የበሩ መቃን ላይ በብረቱ ቁመት ልክ በሰማያዊ ጠመኔ የተሰመረ መስመር ነበር። ልጁ ተረከዙን መቃኑ ላይ ያስጠጋል፤ ጋሽ ደምመላሽ የእንጨት ማስመሪያውን አናቱ ላይ ያስተኛል፤ ከዚያ መስመሩን ያያል። «ግባ» ካለ ልጁ ገብቶ ማሊያውን ይወስዳል።

ማሊያውን የገዛው ባለሱቁ ሽኩር ነበር። ሽኩር መሸነፍ አይወድም። ሐምሌ መጨረሻ ላይ ከአፍንጮ በር ሰፈር ቡድን ጋር አቻ ወጥተን ስንመለስ መንገድ ላይ ተጨቃጨቁ። እኔ ኋላቸው ነበርኩ።

«ደምመላሽ፣ አንተ ልጅ ነው የምታሳድገው ወይስ ዋንጫ ነው የምታመጣው?»

«ልጆቹ አሥር ዓመታቸው ነው ሽኩር።»

«የአፍንጮ በሮቹም አሥር ዓመታቸው ነው። አንዱ ሚስቱ ሜዳ ድረስ ምሳ አምጥታለት ነበር።» ሰዉ ሳቀ። ሽኩር አልሳቀም። «አንተ እረፍት ላይ አምስት ልጅ ትቀይራለህ። የሚችለውም የማይችለውም ተራ ይደርሰዋል። ኳስ ነው እንጂ እድር አይደለም እኮ።»

«ካላጫወትኩት መቼ ይችላል?»

«ከርሞ ይቻል። ዘንድሮ እናሸንፍ።»

«ከርሞማ ሁሉም ከብረቱ በላይ ናቸው» አለ ጋሽ ደምመላሽ።

እኔ የሽኩር ወገን ነበርኩ። ሽኩር ስናሸንፍ ከረሜላ ይሰጠን ነበር፤ ጋሽ ደምመላሽ ስናሸንፍም ስንሸነፍም «ካልሲያችሁን እጠቡ» ነው የሚለን።

ባለፈው ወር የጸሎት ቡድን ሦስት ጊዜ ተከታትሎ ተሸነፈ። የወላጆች ቴሌግራም ላይ አንዷ እናት «ደካሞቹ ለምን ይገባሉ?» ብላ ጻፈች። እኔም ስልኬን አውጥቼ «እውነት ነው፤ የሚችሉት ይጫወቱ» ብዬ ጻፍኩ። ላክሁት። ለካ ከዚያ ከሽኩር ወገን አልወጣሁም። ደካማ የተባለችው ልጅ እናት ያንን መልእክት አነበበችው። ማታውን አጠፋሁት፤ ማየቷን ግን ማጥፋት አልቻልኩም።

ያን ክረምት የእኔና የቃለአብ ችግር ሌላ ነበር። ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ከመስመሩ በታች ሦስት ጣት ነበር። በሁለተኛው እሁድ ሁለት ጣት ተኩል። ፍጻሜው ነሐሴ ማብቂያ ላይ፣ ጃንሜዳ ነው። ቃለአብ በጣቱ ቆጥሮ «አልደርስም» አለኝ። «ካደግኩ አልደርስም።»

ስለዚህ ላለማደግ ወሰንን።

ዘዴው ሦስት ነበር። አንደኛ፣ ውሃ ከቦኖ ሲቀዳ ጀሪካኑን በእጁ ሳይሆን አናቱ ላይ ተሸክሞ ይመጣል፤ ይጫነዋል ብለን። ሁለተኛው የእኔ ሥራ ነው። በሰፈራችን ሰው የተራመደው ልጅ አያድግም ይባላል፤ በስህተት የተራመደ ሰው ተመልሶ ካልተሻገረ እናቶች ይቆጣሉ። እኔ በየጠዋቱ ፍራሹ ላይ ተዘርግቶ ሳለ ሦስት ጊዜ እራመደዋለሁ። ተመልሼ እንዳልሻገር እየተጠነቀቅሁ በራስጌው በኩል ዞሬ መጥቼ እንደገና ከዚያው ወገን እጀምራለሁ።

ሦስተኛው ምግብ ነው። እማዬ እራታችንን በየሳህናችን አቅርባ ልብሷን ልትቀይር ወደ ጓዳ ስትገባ ቃለአብ ሳህኑን ወደ እኔ ይገለብጠዋል። ኬኩንም እኔ እበላለሁ። ጠዋት የሚሰጠውን ፍርፍር እኔ እበላለሁ። ያን ክረምት ጉንጬ ሞላ፤ ጎረቤቶች «ይቺ ልጅ ተመቻት» ይሉ ነበር። እማዬ እኔን አይታ «ተመስገን» ስትል እሱን አይታ ዝም ትል ነበር። ዝምታዋን ቅሬታ አድርጌ ነበር የወሰድኩት፤ ኳስ የምትጠላ መስሎኝ።

ዓርብ፣ ፍጻሜው ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ቃለአብ ልምምድ ላይ ወደቀ። ማንም አልነካውም። ኳሱን ይዞ እየሮጠ ነበር፤ ኳሱ ቀጠለ፣ እሱ ቀረ። ሮጬ ስደርስ ከንፈሩ አመድ መስሏል። ጋሽ ደምመላሽ ተንበርክኮ ጭንቅላቱን ጭኑ ላይ አድርጎታል። ማሊያውን ገለጥ አድርጎ ጎኑን አየ። ሰው ውስጥ ሰው መኖሩን ለማወቅ በር ሲያንኳኳ እንደሚያደርገው በጣቱ አጥንቱን አንድ በአንድ ነካ ነካ አደረገው።

«ፀሐይ መትቶት ነው» አለ አንዱ ልጅ። ፀሐይ ካየን ሳምንት አልፎን ነበር።

«ዛሬ ምን በላህ?» አለ ጋሽ ደምመላሽ።

«በልቻለሁ።»

«ምን?»

ቃለአብ እኔን አየኝ። «ፍርፍር» አልኩ። አፌ ላይ ገና ዘይቱ ነበር።

ጋሽ ደምመላሽ ሁለታችንንም አየን። ከኪሱ ግማሽ ዳቦ አወጣና ለቃለአብ ሰጠው። ቃለአብ ጋሼ እስኪዞር ጠብቆ ለእኔ አቀበለኝ። እኔም በላሁት።

በማግስቱ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ጋሽ ደምመላሽ በዝናብ ቤታችን መጣ። እማዬ ወደ ውስጥ አላስገባችውም፤ በረንዳው ላይ ቆመው ነው ያወሩት። እኔ ውስጥ የነገውን ካልሲ ከከሰሉ በላይ ይዤ እያደረቅሁ ነበር። ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ በረታ ሲል ድምፃቸው ይጠፋል፣ ቀለል ሲል ይመለሳል።

«አባቱም እንዲህ ነው የጀመረው» አለች እማዬ።

አባቴም ኳስ ተጫዋች እንደነበር አላውቅም ነበር። ደስ አለኝ።

«ነገ ስንት ሰዓት ነው?» አለች ቆይታ።

«ስድስት ሰዓት ላይ። ጠዋት ግን እለካቸዋለሁ።»

«እኔ ብሆን ዕድሜ ልኩን አይረሳልኝም፤ ያለኝ እሱ ነው ደምመላሽ።»

ዝናቡ እንደገና ወረደ። ሲያባራ የሰማሁት የጋሽ ደምመላሽን ድምፅ ነው።

«ተይው እትዬ የሺ። በእኔ ይሁን።»

እማዬ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ስትጠርግ በበሩ ክፍተት አየሁ። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለች።

ሁሉም ነገር ግልጽ ነበር። እማዬ ልጇ እንዳይቀርባት ለምናለች፤ ጋሽ ደምመላሽም ኃላፊነቱን ወስዷል። ወደ ጓዳ ገብቼ ለቃለአብ በጆሮው ነገርኩት። «ብትነካ እንኳን ያሳልፍሃል። ለእማዬ ቃል ገብቶላታል።» ያን ምሽት ከብዙ ቀን በኋላ ፈገግ ብሎ ተኛ።

እሁድ ጠዋት ስድስት ጊዜ ተራመድኩት። እማዬ ከጊዮርጊስ ስትመለስ ሥጋ ቤት ገብታ ግማሽ ኪሎ ሥጋ ይዛ መጣች። ከፋሲካ ወዲህ ቤታችን ሥጋ ገብቶ አያውቅም። ለድላችን መስሎኝ ነበር።

ሱቁ በር ላይ ልጆቹ በየተራ ተለኩ። ራሳቸው ተላጭቶ፣ በብርዱ ቆዳቸው ተኮማትሮ። «ግባ። ግባ። አንተም ግባ።» ሽኩር መንገዱ ላይ ኳሶቹን በከረጢት ይዞ ይጠብቃል። ቃለአብ የመጨረሻው ነበር። ማሊያውን ከቤት ለብሶት ነው የመጣው። ተረከዙን መቃኑ ላይ አስጠጋ፣ ትንፋሹን ያዘ።

ማስመሪያው አናቱ ላይ ተኛ። እኔ ደረጃው ላይ ተቀምጬ ስለነበር ከታች ወደ ላይ ነው የማየው። በማስመሪያውና በሰማያዊው መስመር መካከል የእንጨቱ ቀለም ይታያል። አንድ ጣት። እንደ እኔ ያለ ቀጭን ጣት አይደለም፤ የጋሽ ደምመላሽ ጣት የሚገባበት።

ጋሽ ደምመላሽ መስመሩን አላየም። የቃለአብን አንገት ሥር፣ አጥንቱ የወጣበትን ጎድጓዳ ቦታ ነበር የሚያየው።

«አልፈሃል» አለ።

ቃለአብ አልገባውም። «ጋሼ?»

«መስመሩን አልፈሃል። ማሊያውን አውልቅ።»

«እንደገና ለካኝ።»

«አልፈሃል አልኩህ።»

«አላለፈም» አልኩ እኔ ከደረጃው ተነስቼ። «ከታች ነው። አንድ ጣት ይቀረዋል።»

ሽኩር ከረጢቱን አስቀምጦ መጣ። «እስቲ ልየው። ዞር በል።»

ጋሽ ደምመላሽ ቀደመውና መስመሩን በመዳፉ ጠረገው። አንድ ጊዜ፣ ከግራ ወደ ቀኝ። መዳፉ ሰማያዊ ሆነ።

ከቁልቁለቱ ሥር ወንዙ ሲጮህ ይሰማል።

«ምን ማድረግህ ነው?» አለ ሽኩር።

«ብረቱ ላይ ቢወድቅ ጎድለን ነው የምንጫወተው። አሠልጣኙ እኔ ነኝ።»

«ያንገትህን ሜትር አምጣ።»

ጋሽ ደምመላሽ ሜትሩን ከአንገቱ አወረደ፤ ጠቅልሎ ኪሱ ከተተው። ሜትሩን ከአንገቱ ላይ አውልቆ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። አንገቱ ራቁቱን የቀረ መሰለኝ።

ቃለአብ አላለቀሰም። ማሊያውን አወለቀና አጣጠፈው፤ እጅጌዎቹን ወደ ውስጥ፣ ሰባት ቁጥሩ ወደ ላይ፣ እማዬ እንደምታጥፈው። ደረጃው ላይ አስቀምጦት ሽቅብ ወደ ቤት ሮጠ። ከኋላው የጀርባው አጥንት ሲንቀሳቀስ እያየሁ ተከተልኩት።

እማዬ ለምን መጣህ ብላ አልጠየቀችውም። ሹራብ አለበሰችውና አስቀመጠችው። ወጡ ደርሶ ነበር። ሦስት ሳህን አቀረበች። ቃለአብ እያለቀሰ በላ፤ እየበላ አለቀሰ። ከእንግዲህ ለምን አልበላም ያለ ይመስል ነበር። ሁለት እንጀራ ጨረሰ። እማዬ የራሷን አልነካችም፤ እጁ ከሳህኑ ወደ አፉ ሲሄድ በዓይኗ ትከተላለች። እኔ ደግሞ በንዴት እየቃጠልኩ ጋሽ ደምመላሽን እረግማለሁ። ቃል ገብቶ ከዳት፤ እሷ ግን አንዲት ክፉ ቃል አልወጣትም። በጣም ደግ ናት ብዬ አሰብኩ።

ልጆቻችን ሲያሸንፉ ጭፈራቸው ከራስ መኮንን ድልድይ ጀምሮ ይሰማል። ያን ቀን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዝም ብለው ወረዱ። በአፍንጮ በሮች አንድ ለዜሮ ተሸንፈው ነበር። ጎሉ የገባው በግራ በኩል፣ ቃለአብ በሚቆምበት በኩል ነው።

በማግስቱ ሽኩር ሱቁ ጠራኝ። ሦስት አራት ሰዎች ባንኮኒው ላይ ተደግፈዋል። አንድ እፍኝ ከረሜላ መዳፌ ላይ አደረገልኝ።

«ምኞትዬ፣ አንቺ ልጅ ነሽ፣ አትዋሺም። ደምመላሽ ሱቅ ውስጥ ሰሞኑን ምን አየሽ?»

አሰብኩ። «አረንጓዴ ጨርቅ።»

«ትንሽ ነው ብዙ?»

«ብዙ። የተሰፋም አለ።»

ሰዎቹ ተያዩ። አፍንጮ በሮች የሚለብሱት አረንጓዴ ነው። «ልብስ ሰፊ ምን ይፈልጋል? ሥራ» አለ አንዱ። «ሥራ ሰጡት፣ ልጁን አወጣላቸው። አለቀ።»

ያልኩት ሁሉ እውነት ነበር። አንድ ጣት ይቀረው ነበር፤ ጨርቁም አረንጓዴ ነበር። መስከረም ላይ ግን አንድ ጠዋት የመዋዕለ ሕፃናት ልጆች ተያይዘው በደጃችን ሲያልፉ አየሁ። ሁሉም አዲስ አረንጓዴ ሽርጥ ለብሰዋል፤ ከታች ሦስት ጣት የታጠፈ። ስምንት ዓመቴ ነበር፤ ገብቶኛል። ለማንም አልተናገርኩም። ከረሜላውን በልቼዋለሁ፤ ደግሞም ቃለአብ ሊጠላው የሚችለው ሰው ያስፈልገው ነበር።

እሪ በከንቱ ቀልድ ሲይዝ አይለቅም። «ደምመላሽ ጋ ሱሪ ካሰፋህ አንዱን እግር ለአፍንጮ በር ይሸጥብሃል» ተባለ። «ሜትሩ እንደ ባለቤቱ ነው፤ ሲፈልግ ይረዝማል፣ ሲፈልግ ያጥራል» ተባለ። ሰዎች እየሳቁ ጨርቃቸውን ሌላ ቦታ ይወስዱ ጀመር። የበሩ መቃን ላይ ሌላ መስመር አልተሰመረም። ታኅሣሥ ላይ የስፌት መኪናው በጭነት መኪና ላይ ተጫነ። የጭነት መኪናው እሱንም ይዞ በቤታችን ፊት ሲያልፍ ቃለአብ ጭቃ አንስቶ ወረወረ፤ ጋሽ ደምመላሽ ጉልበት ላይ ተለጠፈ። አልጠረገውም። በራችንን አየና ፊቱን መለሰ። ዞር ስል እማዬ ከመጋረጃው ጀርባ ቆማ አፏን በመዳፏ ይዛለች። ከሃዲውን ማየት አስጠልቷት ነው ብዬ አመንኩ።

በሁለት ሺህ አሥራ ስድስት የእኛም ቤት እንደሚፈርስ ተነገረን። እማዬን ወደ ኮንዶሚኒየም ለማዛወር ዕቃ ስናሽግ የአባቴ የሐኪም ወረቀቶች ወጡ። ሳንባው ነበር። ወረቀቶቹ ላይ በየወሩ ክብደቱ ተጽፏል፤ ስድሳ አንድ፣ ሃምሳ አምስት፣ አርባ ስምንት። አባቴ ኳስ ተጫውቶ አያውቅም።

እማዬ ፍራሹ ላይ ተቀምጣ ወረቀቱን ከእጄ ወሰደች።

«ቃለአብም ያን ክረምት እንዲህ ሲቀልጥ፣ በሽታው የዞረበት መሰለኝ» አለች። «ደምመላሽ ነው የነገረኝ፤ ልጁ አልታመመም፣ እየተራበ ነው ብሎ። ብረቱ እስካለ ድረስ አይበላም አለኝ። አውጣልኝ አልኩት። እኔ እንዳልኩ ግን አትንገረው አልኩት።»

ሦስቱ ሳህኖች ፊቴ ላይ መጡ። ልጇ ጃንሜዳ መሆን በነበረበት ሰዓት እማዬ ለሦስት ሰው ምሳ አቅርባ ነበር። ይሄን ለማስተዋል ሃያ ሦስት ዓመት ፈጀብኝ።

«ሰዉ እንደዚያ ሲለው ለምን አልተናገርሽም?»

«ነገ እነግራቸዋለሁ እያልኩ። ከዚያ ልጁ መብላት ጀመረ። ከአንቺ ጋር እንደገና መሳቅ ጀመረ። ፈራሁ።» ወረቀቱን አራት ቦታ አጠፈችው። «ለእሱ እኔ ስሞት ንገሪው።»

እሺ አልኳት። ስለ አረንጓዴው ሽርጥ ግን አልነገርኳትም።

ቃለአብ አሁን ሐዋሳ ነው፤ መብራት ኃይል ይሠራል። ኳስ አያይም። የደምመላሽ ስም ከተነሳ ከክፍሉ ይወጣል።

ያንን መልእክት ቴሌግራም ላይ ጽፌ ባጠፋሁበት ሳምንት ሰው ጠያይቄ ጋሽ ደምመላሽን አገኘሁት። ፈረንሳይ ለጋሲዮን ነው፤ ከፒያሳ በታክሲ ሃያ ደቂቃ። እስከዚያ ድረስ የሞተ ይመስለኝ ነበር። ጸሎትን ይዤ፣ የዩኒፎርም ጨርቅ በፌስታል አንጠልጥዬ ሄድኩ። አንድ የመንገድ ዳር በረንዳ ላይ፣ ያው የስፌት መኪና። ፀጉሩ ነጭ ሆኗል። ሜትሩ አንገቱ ላይ ነው።

በልጅነቴ አንተ እያልኩ ያደግኩትን ሰው ያን ቀን አንቱ አልኩ።

«ጋሽ ደምመላሽ፣ ያወቁኝ አይመስለኝም።»

መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው አዩኝ። «የየሺ ልጅ» አሉ። «አንድ ጣት ይቀረዋል ያልሽው።»

ተቀመጪ አላሉኝም፤ በርጩማውን በእግራቸው ገፋ አደረጉልኝ። ጸሎትን አቁመው ከትከሻዋ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ይለኩ ጀመር።

«እማዬ ነገረችኝ» አልኩ። «አረንጓዴውን ጨርቅ ለነሽኩር የነገርኩት እኔ ነኝ። የማን እንደሆነ በኋላ አይቻለሁ። ዝም አልኩ።»

«ስምንት ዓመትሽ ነበር።»

«አሁን ሠላሳ ሁለት ነኝ።»

እርሳቸው ቁጥሩን በጠመኔ ጨርቁ ላይ ጻፉ። «ሱሪ ነው ቀሚስ?»

«ቃለአብ አያውቅም» አልኩ። «እማዬ ስሞት ነው ያለችኝ። ሁልጊዜ የሞት ዜና ስጠብቅ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ይሄንን ግን አልጠብቅም። ከዚህ ስወጣ እደውልለታለሁ።»

«ተይው። እናቱ ናት።»

«እርስዎስ?»

ሜትሩን አንገታቸው ላይ መለሱት። ጸሎት ከታች ወደ ላይ ታየን ነበር፤ ግማሹን ሰምታ፣ የራሷን ነገር እየገጣጠመች እንደሆነ ፊቷ ላይ አየሁ። ፈራሁ። ማታ ከቃለአብ ቀጥሎ ለእሷም መንገር እንዳለብኝ ያኔ ገባኝ።

«ከታች ስንት ልተውላት?» አሉ።

«እርስዎ ያውቃሉ።»

«አራት ጣት። ይቺ ገና ወደ ላይ ትሄዳለች።» ጨርቁን አጠፉት፣ ከዚያ እጃቸው ቆመ። ቀና ሳይሉ ጠየቁኝ። «እሱ ስንት ደረሰ?»

«ሜትር ከሰማንያ ሁለት።»

ከመኪናው ተነሱ። የሜትሩን ጫፍ በጫማቸው ሲሚንቶው ላይ ረግጠው ወደ ላይ ሳቡት። ከራሳቸው ቁመት ሲያልፍ በእግራቸው ጣት ቆሙ፤ ሰማንያ ሁለት ላይ አውራ ጣታቸውን አቆሙ። ከዚያ መዳፋቸውን አየር ላይ ዘርግተው፣ እዚያ ላይ ያለውን ፊት ቀና ብለው ለረጅም ጊዜ አዩት።